ፊቱ ምንም አላደረገም

እስቲ ስልካችሁን አውጡ። ከመካከላችሁ ቶሎ የማይስቀውን መርጣችሁ ግድግዳ ሥር አቁሙት። “ምንም አታስብ፤ ከካሜራው ትንሽ ወደ ጎን ብቻ ተመልከት” በሉትና ፊቱን አቅርባችሁ ለጥቂት ሰከንድ ቅረጹት። በቃ፣ ልቀቁት፣ ወደ ቡናው ይመለስ። ቀጥሎ በሌላ ቦታና በሌላ ሰዓት፣ እሱ በሌለበት፣ በጣባ የቀረበ ክትፎ ቅረጹ። ቅቤው ያብረቅርቅ፣ አይቤው ከጎን ይታይ፣ ቆጮውም አይቅር። ከዚያ አልጋ ላይ የተኙ አንዲት ሴት አያት፣ ከዚያም መሬት ላይ የሚጫወት ሕፃን ቅረጹ።

አሁን ቀጣጥሉት። ፊት፣ ክትፎ፣ ያው ፊት። ይህን ምስጢሩን ለማያውቅ ሰው አሳዩና “ልጁ ምን ሆኗል?” ብላችሁ ጠይቁት። “ርቦታል” ይላችኋል። ሁለተኛውን አሳዩት፤ ፊት፣ የተኙት አያት፣ ያው ፊት። “ውይ፣ አዝኗል። አያቱ ናቸው?” ሦስተኛው ላይ ደግሞ ለሕፃኑ ያለውን ፍቅር ያደንቅላችኋል።

ፊቱ እኮ አንድ ነው! ሦስቱም ላይ የገባው ያው አንዱ ቅጂ ነው። ርሀቡ የት ነበር? ሐዘኑስ? የልጁ ፊት ላይ የለም፣ ክትፎውም ላይ የለም። ሁለቱ ምስሎች ሲጎራበቱ ተመልካቹ ራሱ ፈጠረው።

የአክስቴን ልጅ ለመስቀል ቡታጅራ ስንገናኝ ይህን አሳየኋት። “ውሸትህን ነው፣ ሁለተኛው ላይ ዓይኑ እንባ አቅሯል” ብላ ድርቅ አለች። ሦስቱንም ፊቶች አቁሜ አጠገብ ለአጠገብ ደረደርኩላት። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ዝም አለች። ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው፤ “እንዴ! እኔ ነኝ ያስለቀስኩት!” እኔም ለእናንተ የምመኘው ይህችን ሰከንድ ነው። ከዚህች ሰከንድ በኋላ ፊልም እንደ ድሮው አይታይም።

ነገሩ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ ሩሲያዊ ከመቶ ዓመት በፊት ነው የሞከረው። ኢቫን ሞዡኺን ከሚባል ታዋቂ ተዋናይ ፊልም ላይ ፊቱን ብቻ ወሰደና ከሾርባ ሳህን፣ ከሬሳ ሣጥንና ከሌላም ምስል ጋር አፈራረቀው። ያዩት ሰዎች “ሾርባውን እንዴት እንደናፈቀ፣ ሟቿን እንዴት እንዳዘነላት፣ ምን ዓይነት ተዋናይ ነው!” እያሉ አደነቁ ይባላል። የኩሌሾቭ ቅጂ ዛሬ የለም፤ ጠፍቷል። ቢጠፋም ግድ የለም፤ ክትፎና ስልክ ካለ ወልቂጤም ላይ እንደገና ይሠራል።

አሁን ወደ ሆሊዉድ እንሂድ። እኔ የኩሌሾቭን ሙከራ ያወቅሁት ከመጽሐፍ ነው። አንዳንዶቻችሁ “ፊልሙ እያለ ስለ ፊልም ምን ያስነብብሃል?” ትሉኛላችሁ። ያስነበበኝን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1962 ነሐሴ ላይ ፍራንሷ ትሩፎ የሚባል የ30 ዓመት ፈረንሳዊ ዳይሬክተር ወደ ሆሊዉድ ሄደና አልፍሬድ ሂችኮክን ለቀናት ጠየቀው። ትሩፎ እንግሊዝኛ ብዙም ስለማይሆንለት ሄለን ስኮት የምትባል ሴት በመካከል ታስተረጉም ነበር። ጥያቄው ስለ ዝና ወይም ስለ ትዳር አይደለም፤ “እዚህ ጋ ካሜራውን ለምን እዚያ አስቀመጥከው?” የሚል ነው። ሂችኮክም እንደ ጥሩ ሽማግሌ ዘና ብሎ የሠራውን ሁሉ ይዘረግፋል። መጽሐፉ በ1966 በፈረንሳይኛ ወጣ፤ ወዲያው በእንግሊዝኛም ተከተለ። ደግሞ ደስ የሚለው፣ የፊልሞቹን ምስሎች በተርታ ደርድሮ ስለሚያሳይ እንግሊዝኛው ቢያስቸግር እንኳ ዓይን ያነበዋል።

እዚያ ውስጥ ነው ሂችኮክ ስለ “ሪር ዊንዶው” ሲያወራ ኩሌሾቭን የሚያነሳው። (ሁለቱም በ1899 የተወለዱ እኩዮች ናቸው፤ ይህን ሳገኝ ብቻዬን ፈነደቅሁ።) ፊልሙ የ1954 ነው፤ የጓሮ መስኮት እንበለው። ታሪኩ ቀላል ነው። ጄምስ ስቱዋርት የሚጫወተው ፎቶ አንሺ እግሩ ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ በመስኮት የጎረቤቶቹን ቤት ያያል። ሥራው ይኸው ነው፣ ማየት። እያየም አንዱ ጎረቤት ሚስቱን ሳይገድላት አልቀረም ብሎ ይጠረጥራል።

እስቲ አስቡት፤ ዋናው ሰውዬ መንቀሳቀስ አይችልም! ካሜራውም ከእሱ ክፍል እምብዛም አይወጣም። ታዲያ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ፊልም እንዴት ሳይሰለች ያልቃል? በዚያችው በስልካችሁ በሠራችኋት ነገር ነው። ፊት፣ የሚታየው፣ ፊት። የስቱዋርት ፊት፤ ከማዶ ትንሽ ውሻ በቅርጫት ከፎቅ ወደ ታች ስትወርድ፤ እንደገና የስቱዋርት ፊት፣ ፈገግ ብሎ። ደግ ሰውዬ! ሂችኮክ ለትሩፎ የነገረው ይህን ነው። ውሻዋን አውጥተህ በቦታዋ ግማሽ እርቃኗን የሆነች ልጃገረድ ብታስገባ፣ ፈገግታው ያው ሆኖ ሰውዬው ባለጌ ሽማግሌ ይሆናል። የተዋናዩ ፊት ላይ ምንም ሳይለወጥ ሥነ ምግባሩ ተለወጠ!

ይህን ካነበብኩ በኋላ ፊልሙን ደግሜ ሳይ ድምፁን አጠፋሁት። ፊት፣ መስኮት፣ ፊት። ፊት፣ መስኮት፣ ፊት። ቃል ሳይሰማ ሁሉም ይገባል። ሂችኮክ ሥራ የጀመረው ፊልም ድምፅ በሌለው ዘመን መሆኑን ስታስታውሱ ደግሞ ነገሩ ግልጽ ይላል።

ግቢው ራሱ ጉድ ነው። ፎቁ፣ ደረጃው፣ አትክልቱ ሁሉ ፓራማውንት ስቱዲዮ ውስጥ ጣሪያ ሥር የተሠራ ነው። ቁመት ስላነሳቸው የስቱዲዮውን ወለል አንስተው ምድር ቤቱን ግቢ አደረጉት።

አሁን ትንሽ ከበድ ወደሚለው። ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ፊልም አንዴ ይህንን፣ አንዴ ያንን ያሳየናል። ብዙ ጊዜ የሚቀረጹት በየተራ ነው፤ አንዱ ሲቀረጽ ሌላው ሻይ እየጠጣ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ዓይን ለዓይን የሚተያዩ ይመስለናል። ለምን?

የጉራጌ መንደርን መንገድ፣ ጀፎረን አስቡ። ሰፊው ሣር፣ ግራና ቀኝ ትይዩ የቆሙት ቤቶች። ሁለት ሽማግሌዎች መንገዱ መሐል ፊት ለፊት ቆመው ሰላምታ ይለዋወጣሉ እንበል። እናንተ በአንደኛው ወገን ካለው ደጃችሁ ሆናችሁ ታያላችሁ። አንደኛው ወደ ቀኝ ያያል፣ ሌላው ወደ ግራ። በራሳችሁ ወገን እስከሆናችሁ ድረስ ወደ ላይኛው ጎረቤት ብትሄዱ፣ ወደ ታችኛው ብትሄዱ፣ ያው ነው። ሣሩን ተሻግራችሁ ከማዶው ደጅ ስታዩ ግን ይገለበጣል፤ ወደ ቀኝ ያይ የነበረው አሁን ወደ ግራ ያያል።

ካሜራም እንደዚያ ነው! አንደኛውን ሽማግሌ ከዚህ ደጅ፣ ሁለተኛውን ከማዶ ደጅ ቀርጻችሁ ብትቀጥሉት ሁለቱም ወደ ቀኝ እያዩ ይወጣሉ። ሰላምታው ፈረሰ፤ ሁለቱም አንድ ሦስተኛ ሰው የሚጠብቁ ይመስላሉ። ስለዚህ የድሮዎቹ የሆሊዉድ ባለሙያዎች በሁለቱ ሰዎች መካከል የማይታይ መስመር ያሰምራሉ፤ ካሜራው በአንዱ ወገን ይቀራል፣ አይሻገርም። ይህ እስኪገባኝ ወረቀት ላይ ሁለት ክብና አንድ መስመር እየሣልኩ ተቀምጫለሁ፤ ሲገባኝ ግን ወረቀቱን ጥዬ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። ዜናው ላይ አለ! ድራማው ላይ አለ! ቃና ላይ በአማርኛ ድምፅ የሚመጡት የቱርክ ተከታታዮችም አይሻገሩም!

ይህን ሁሉ ስታውቁ የጓሮ መስኮት ውስጥ አንዲት ቦታ አለች፤ ብነግራችሁም ስታዩዋት መደንገጣችሁ አይቀርም። የፎቶ አንሺውን ፍቅረኛ የምትጫወተው ግሬስ ኬሊ ማስረጃ ፍለጋ ተጠርጣሪው ቤት ገብታ ተይዛለች። ስቱዋርት ከማዶ በትልቅ የፎቶ ሌንስ ያያታል። እሷ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ጣቷ ላይ ያለውን ቀለበት በምልክት ታሳየዋለች፤ የሟቿ ቀለበት ነው። ተጠርጣሪው ምልክቷን ያያል። ለማን እያሳየች ነው? ቀና ይላል፣ ጓሮውን አሻግሮ በቀጥታ ወደ ሌንሱ ያያል። ወደ እኛ! እስካሁን የሚያየው ስቱዋርት፣ የሚታዩት እነሱ ነበሩ። እኔ ሶፋ ላይ ሆኜ ወደ ኋላ አልኩ። መብራቱን ላጥፋ አልኩ እኮ!

ማን ያያል፣ ማን ይታያል ካልን አይቀር፣ እዚህ ላይ አንድ የአገራችንን ሰው ላንሳ። ጎንደር ያደጉት የፊልም ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በልጅነታቸው የአሜሪካ ፊልም ሲያዩ የነበረውን በቃለ መጠይቅ ተናግረዋል። ከፊልሙ በኋላ እሳቸውና ጓደኞቻቸው በጎንደር ተራሮች ካውቦይና ሕንዶችን ይጫወታሉ፤ ሁሉም የሚመኘው ካውቦዩን መሆን ነው። ታርዛን ሲታይ ደግሞ አፍሪካውያኑ ከኋላው ሲያደቡበት ልጆቹ “መጡብህ!” ብለው ይጮሃሉ። አስቡት፤ የጎንደር ልጅ ታርዛንን ከአፍሪካውያን ሊያድን ይጮሃል!

ድሮ ይህን ስሰማ ስቄ አልፍ ነበር። አሁን ግን ፊት፣ የሚታየው፣ ፊት የሚለውን ይዤ ታርዛንን ተመለከትኩ። የማን ፊት ነው ቀርቦ የሚታየው? የታርዛን። ጫካውን የምናየው በማን ዓይን ነው? በታርዛን። አፍሪካውያኑ በጅምላ፣ ከሩቅ፣ እንደሚመጣ አደጋ ነው የሚታዩት፤ እነሱ ሲያዩ ምን እንደሚታያቸው ብዙም አንጠየቅም። ልጆቹ ምን ያድርጉ? ዓይን የተሰጣቸው ከአንድ ሰው ብቻ ነው፤ በእሱ አዩ፣ ለእሱም ፈሩ። የክትፎው ጨዋታ ይህን ያህል ጉልበት አለው። የሚያስገርመው፣ እኚያው የጎንደር ልጅ እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ገቡ፤ በሎስ አንጀለስ፣ ሆሊዉድ አፍንጫ ሥር ባለው ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማሩ፤ በ1976ም “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት”ን አወጡ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሲቆጣ፣ ካሜራው ግን የገበሬውን ቤተሰብ ቀን ታግሶ ይከተላል። የማን ዓይን እንደተሰጣችሁ እየጠየቃችሁ ብታዩት የፊልሙ ግማሽ ይገባችኋል።

የሂችኮክን መጽሐፍ ለምትፈልጉ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለኝ፤ የየፊልሙን መጨረሻ ያለ ርኅራኄ ይናገራል። ስለዚህ መጀመሪያ ፊልሙን፣ ቀጥሎ ምዕራፉን፣ ከዚያ እንደገና ፊልሙን። ሁለተኛው ዕይታ ከመጀመሪያው ይጣፍጣል፤ ይህን ደግሞ በራሴ አረጋግጫለሁ።

እኔን አሁን የያዘኝ ድምፁ ነው። በጓሮ መስኮት ውስጥ አብዛኛው ሙዚቃ ከላይ የተጨመረ አጃቢ አይደለም፤ ከጎረቤቶቹ ቤት ነው የሚመጣው። ከአንዱ ራዲዮ፣ ከሌላው ፒያኖ። አንድ የዘፈን ደራሲ ጎረቤት አለ፤ ፊልሙ ሲጀምር ዜማው ገና ቁርጥራጭ ነው፣ እየቆየ ይያያዛል፣ መጨረሻ ላይ ተጠናቆ ይሰማል። ነፍስ የተረፈበትም ቦታ አለ፤ የሚያተርፈው ያ ዜማ ነው፣ የትኛዋን ጎረቤት እንደሆነ አልነግራችሁም። አንዴ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት፤ በማግስቱ ለስክሪኑ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ አዳምጡትና ፒያኖው መቼ መቼ እንደሚቆም ንገሩኝ።