የሰውነታችን ሠራዊትና ልጓሙ

ስለ ጤና በሚነገርበት ጊዜ ብዙ ሰው የሚመኘው፥ በሽታን የሚከላከልበት ኀይል እንዲበረታለት ነው። ምኞቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጕልበት ብቻውን አይበቃም። ፈረስ ምንም ብርቱ ቢሆን፥ ልጓም ከሌለው አስቀድሞ የሚጥለው ጌታውን ነውና። በሰውነታችን ውስጥ ያለው የመከላከያ ሠራዊትም እንደዚሁ ልጓም የሚያስፈልገው መሆኑን፥ ልጓሙም ከዚያው ከሠራዊቱ መካከል የሚወጣ መሆኑን ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ አስበናል። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በደማችን ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት የሚባሉ፥ ያለ ማጕሊያ መነጽር የማይታዩ ዘበኞች አሉ። ከነዚህም አንደኛው ወገን ቲ ሕዋስ ይባላል። ይህንም ስም ያገኘው፥ ከፍርምባ አጥንት በስተኋላ በሚገኘው ታይመስ በሚባለው ዕጢ ውስጥ አድጎና ሠልጥኖ ስለሚወጣ ነው። በዚያም ጠላትን ከወዳጅ መለየት የተሳናቸውና የገዛ አካላቸውን ለመውጋት የሚቃጡት አብዛኞቹ እንዲጠፉ ይደረጋል። ሆኖም አንዳንዶቹ ሾልከው ያመልጣሉ። ያመለጡት ቆሽትን ቢወጉ አንድ ዐይነት የስኳር በሽታ፥ መገጣጠሚያን ቢወጉ ብርቱ ቍርጥማት ያመጣሉ። እንግዲያስ በጤነኛ ሰው ውስጥ እነዚህን ከልክሎ የሚያኖራቸው ማን ነው?

የመልሱ ፍንጭ የተገኘው ከአይጥ ነው። በ1969 ዓ. ም. ኒሺዙካና ሳካኩራ የሚባሉ የጃፓን ሊቃውንት፥ ሴት አይጥ በተወለደች በ3ኛው ቀን የታይመስ ዕጢዋ ቢወጣ፥ ዕንቍላል የምታፈራበት አካሏ እንደሚጠፋ አስታወቁ። ሠራዊት የሚሠለጥንበት ስፍራ ሲፈርስ ሰውነት ይደክማል ይባል እንደ ሆነ እንጂ፥ የራሱን አካል ያጠፋል ብሎ ማን ያስባል? በ1970 ዓ. ም. ደግሞ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሪቻርድ ገርሾን ከባልደረባቸው ከኮንዶ ጋራ ሆነው፥ ቲ ሕዋሳት ውጊያን ከማነሣሣት በቀር ውጊያን የሚገቱም እንዳሉባቸው ገለጡ። ከዚህም በኋላ ገቺ ሕዋሳት ተባሉ።

ነገር ግን በ1980ዎቹ ዓመታት፥ የገቺዎቹ ምልክት ይገኝበታል የተባለው የዘር ቅንጣት በተባለው ስፍራ ተፈልጎ ታጣ። ብዙ ተመራማሪዎችም ነገሩን እንደ ስሕተት ቈጥረው ተዉት፤ ስሙን መጥራት እንኳ የሚያሳፍር ሆነ።

ያልተዉት ግን ዶክተር ሺሞን ሳካጉቺ ነበሩ። እኒህ ጃፓናዊ ሐኪም፥ ዕጢያቸው ለወጣ አይጦች ከጤነኛ አይጥ የተወሰደ ቲ ሕዋስ ቢሰጣቸው ከበሽታው እንደሚድኑ አስቀድመው አይተው ነበርና፥ ገቺው መኖሩን አልተጠራጠሩም። ከዐሥር ዓመት በሚበልጥ ድካም በ1995 ዓ. ም. መለያውን አገኙ፤ ይኸውም በሕዋሱ ገጽ ላይ ያለ ሲዲ 25 የተባለ ምልክት ነው። ምልክቱ ያለባቸውን አውጥተው የቀሩትን ብቻ ቲ ሕዋስ ለሌለው አይጥ ቢሰጡት ብዙ አካሉ ታመመ፤ ምልክት ያለባቸውን ቢመልሱለት ግን ከበሽታው ተጠበቀ።

ሁለተኛው ምስክር ከሌላ ወገን መጣ። በአሜሪካ በኦክ ሪጅ በ1940ዎቹ ዓመታት፥ ቆዳቸው የሚቀረፈፍ፥ በጥቂት ሳምንት የሚሞቱ ወንድ አይጦች ተወልደው ነበር። ዶክተር ሜሪ ብረንኮና ዶክተር ፍሬድ ራምስዴል በ2001 ዓ. ም. የበሽታው ምክንያት ፎክስ ፒ 3 የተባለ የዘር ቅንጣት መበላሸት መሆኑን አስታወቁ። በሰው ልጅም ይኸው ቅንጣት ሲበላሽ አይፔክስ የሚባል እጅግ ጥቂት ሰዎችን የሚያገኝ በሽታ ይመጣል። ሕፃኑ ወንድ ነው፤ በተወለደ በጥቂት ጊዜ ብርቱ ተቅማጥ፥ ችፌና የስኳር በሽታ ይይዘዋል፤ ካልታከመም ብዙ ጊዜ በልጅነቱ ይሞታል። እናቲቱ ጕድለቱን ተሸክማ ሳለ እርስዋ ራስዋ ጤነኛ ናት፤ ስለዚህ ልታውቀው አትችልም፤ ልትወቀስበትም አይገባም። ዛሬ ሐኪሞች ውጊያውን በሚያበርድ መድኃኒትና ከሌላ ሰው በሚሰጥ መቅኔ አንዳንዶቹን ያድናሉ።

በ2003 ዓ. ም. ፎክስ ፒ 3 ገቺዎቹን የሚያሠለጥናቸው መሆኑ ስለ ታወቀ፥ ሁለቱ ምስክርነቶች አንድ ሆኑ። ሦስቱም ሊቃውንት በ2025 ዓ. ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሕዋሳቱም ዛሬ ተቈጣጣሪ ቲ ሕዋሳት ይባላሉ።

ሥራቸው በብዙ መንገድ ነው። ተዋጊዎቹ የሚበዙበትን ስንቅ አስቀድመው ይወስዱባቸዋል፤ የማብረጃ መልእክት ይልካሉ፤ ጠላትን ለተዋጊው የሚያሳየውንም ጠቋሚ ዝም ያሰኙታል። ይህም ለቤተ ሰብ ታላቅ ጥቅም አለው። በማሕፀን ያለ ፅንስ እኩሌታው ከአባቱ ነውና ለእናቱ ሠራዊት እንግዳ ነው። በ2004 ዓ. ም. በአይጦች ላይ በተደረገ ምርመራ፥ ገቺዎቹ በሌሉበት ባዕድ ዘር ያለው ፅንስ መጨንገፉ ታይቷል። እንግዲህ ሰላም ጠባቂዎቹ በእናት ማሕፀንም ዘብ ይቆማሉ ማለት ነው።

ሆኖም ልጓም ከመጠን በላይ ቢጠብቅ ፈረሱ አይራመድም። የነቀርሳ ዕብጠት ገቺዎቹን ወደ ራሱ ሰብስቦ ከተዋጊዎቹ ይሸሸግባቸዋል። ስለዚህ ሐኪሞች በነቀርሳ ልጓሙን ለማላላት፥ ሰውነት ራሱን በሚወጋበት በሽታ ደግሞ ለማጥበቅ ይደክማሉ።

ከዚህ የምንማረው፥ ጤና ማለት የኀይል ብዛት ሳይሆን የኀይል ልክ መሆኑን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ፥ የሰውነትን መከላከያ ያለ ልክ የሚያበረታ መድኃኒት አለኝ ቢለን፥ ገንዘባችንን ከማውጣታችን በፊት፥ የትኛውን ወገን ነው የምታበረታው? ተዋጊውን ወይስ ገቺውን? ብለን እንጠይቀው። ሐኪም የማብረጃ መድኃኒት ያዘዘለት ሕመምተኛም፥ ጤና ተሰማኝ ብሎ ሐኪሙን ሳያማክር አይተወው። ልጓሙን የያዘው መድኃኒቱ ሊሆን ይችላልና።