መስቀለኛ መንገድ፦ አደጋው የሚጀምረው ከመግባታችን በፊት ነው

ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡና ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሚቋረጡ መንገዶች ሳሉ። ከአራቱም አቅጣጫ መኪና ይምጣ። እያንዳንዱ መኪና ቀጥ ብሎ ማለፍ፣ ወደ ቀኝ መታጠፍ ወይም ወደ ግራ መታጠፍ ይችላል። አሥራ ሁለቱንም ጉዞ በመስመር አሳዩና መስመሮቹ የሚነካኩበትን ቦታ ሁሉ በነጥብ ምልክት አድርጉ። በየአቅጣጫው አንድ አንድ ረድፍ ብቻ ያለው መንገድ ከሆነ 32 ነጥብ ታገኛላችሁ። ስምንቱ መኪኖች የሚለያዩባቸው፣ ስምንቱ የሚቀላቀሉባቸው ናቸው፤ እዚያ የሚደርሰው ግጭት ብዙውን ጊዜ ቆርቆሮ ከማጣመም አያልፍም። የቀሩት 16ቱ አንዱ የሌላውን መንገድ ቆርጦ የሚያልፍባቸው ናቸው። የሚያስፈሩት እነዚህ ናቸው። እግረኛውን ገና አልሳልነውም።

መኪና ከፊት ሲጋጭ ኮፈኑና የሞተሩ ክፍል እየተጨማደዱ ኃይሉን ይቀበላሉ። ከጎን ሲመታ ግን በሚመታው መኪናና በተሳፋሪው መካከል ያለው በር ብቻ ነው፤ ውፍረቱም ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። የጎን ኤርባግ የሌላቸው አሮጌ መኪኖች በሚበዙበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፍጥነት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና የያዘው ጉልበት 30 ከሚሄደው እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ መስቀለኛ መንገድን ገዳይ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የግጭቱ ማዕዘንና ፍጥነቱ። ማዕዘኑን የሚወስነው መንገዱን የሠራው መሐንዲስ ነው። ፍጥነቱ በአሽከርካሪው እግር ላይ ነው።

ወደ ሥዕላችሁ ተመለሱ። ከ16ቱ የመቋረጫ ነጥቦች መካከል ወደ ግራ የሚታጠፍ መኪና የሌለባቸው አራቱ ብቻ ናቸው። አሥራ ሁለቱ ከግራ ታጣፊ ጋር የተያያዙ ናቸው። ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የምትነዳው በቀኝ ስለሆነ፣ ወደ ግራ የሚታጠፍ ሰው ከፊቱ የሚመጣውን ረድፍ መቁረጥ ግድ ይሆንበታል። (ለንደን የሚነዳ ወገናችን ይህን ሁሉ ገልብጦ ያንብበው፤ እዚያ የሚያሰጋው ወደ ቀኝ መታጠፍ ነው።)

ግራ ታጣፊውን የሚያሳስተው ብዙውን ጊዜ የሚያየው ሳይሆን የተጋረደበት ነው። ከፊት ለፊቱ እንደ እሱው ወደ ግራ ለመታጠፍ የቆመ የከተማ አውቶቡስ አለ እንበል። ከአውቶቡሱ ጎን ቀጥ ብሎ የሚመጣው ሞተር ሳይክል ለግራ ታጣፊው አይታየውም፤ ለሞተረኛውም እሱ አይታየውም። የአውቶቡሱ ሾፌር በእጁ «እለፍ» ሊለው ይችላል፤ ሾፌሩ ማሳለፍ የሚችለው ግን ራሱን እንጂ ከጎኑ የሚመጣውን አይደለም። ማየት እስኪቻል ድረስ ቀስ ብሎ መጠጋት፣ ካልታየም መቆም ነው የሚያዋጣው። ሲቆሙም ጎማው ቀጥ እንዳለ ይቆይ። መሪውን አስቀድሞ ወደ ግራ ያዞረ ሰው ከኋላ ከተገጨ፣ መኪናው ተገፍቶ የሚገባው ፊት ለፊት ከሚመጣው ረድፍ ውስጥ ነው።

ይህን የመቆራረጥ ችግር የሚያቃልል አንድ መፍትሔ አደባባይ ነው። ባለ አንድ ረድፍ አደባባይ ብትስሉ 32ቱ ነጥቦች ወደ 8 ይወርዳሉ፤ መንገድ የሚቆራረጥባቸው ነጥቦችም ፈጽሞ ይጠፋሉ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚዞር የሚቀረው መቀላቀልና መለያየት ብቻ ነው፤ ክቡም ራሱ መኪናውን ያዘገየዋል። የሚሠራው ግን አንድ ሕግ ሲከበር ነው፤ ቅድሚያ አደባባዩ ውስጥ ላለው፣ ማለትም ከግራ ለሚመጣው። ገቢው በጉልበት ሲገባ ውስጥ ያለው መውጣት ያቅተዋል፤ እሱ ሲቆም ከኋላው ያለው መውጫ ይዘጋል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ክቡ በሙሉ ይቆለፋል። አዲስ አበባ ውስጥ በርካታ አደባባዮች እየፈረሱ በትራፊክ መብራት የተተኩት በዋናነት በመጨናነቅ ምክንያት ነው። እንደ ጎተራው ያለ ማሳለጫ ደግሞ አንዱን መንገድ ከሌላው በላይ ያሳልፈዋል፤ ዋጋው ውድ ስለሆነ ግን በየሠፈሩ አይሠራም። በእኔ እምነት መብራት መልካም ነው፤ ነገር ግን አደባባዩ ያስገድደን የነበረውን ዝግታ አያስገድድም። ያንን ዝግታ አሁን ራሳችን ማምጣት አለብን።

የመብራቱ ፈተና ቢጫው ላይ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህቺ ሰከንድ ዓይን አይቶ እግር ፍሬን እስኪረግጥ የምታልቀው ናት። ከዚያ በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬኑን አጥብቀው ይዘውም ለመቆም ሌላ 14 ሜትር ግድም ያስፈልጋል። በጠቅላላው 28 ሜትር። በ30 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ግን በ13 ሜትር ገደማ ይቆማል። እንግዲህ በ50 እየሄዳችሁ ከማቆሚያው መስመር 25 ሜትር ላይ ሳላችሁ ቢጫ ቢበራ፣ ለመቆም ርቀቱ አይበቃችሁም፤ ለማለፍም ያለው ጊዜ ያጣድፋል። አንዱ ፍሬን ይይዛል፣ ከኋላው ያለው ነዳጅ ይሰጣል። በዚያኛው መንገድ ደግሞ ቀይ ላይ የቆመው ሰው፣ በተለይ ሰከንድ የሚቆጥር መብራት ባለበት፣ ሁለት ሲቀረው መንቀሳቀስ ይጀምራል። የመጨረሻዋን ቢጫ የሚያሳድደውና አረንጓዴውን የሚቀድመው የሚገናኙት መሀል ላይ ነው።

መድኃኒቱ አስቀድሞ ነው። አረንጓዴው ቆየት ብሎ ከነበረ ሊለወጥ ነው ብላችሁ ከሩቁ ከነዳጁ ላይ እግራችሁን አንሱ፤ እግራችሁም ፍሬኑ ላይ ይጠብቅ። በ30 የሚጠጋ ሰው መቆምም ማለፍም ስለማይቸግረው ግራ አይጋባም። አረንጓዴ ሲበራላችሁም በመጀመሪያ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አይታችሁ ነው መንቀሳቀስ፤ ቀድሞ የሚደርስባችሁ ከግራ የሚመጣው ነውና።

ማየት ስንል አንድ የማይታወቅ ነገር አለ። የፊት መስታወቱንና የበሩን መስታወት የሚለየው ብረት ዘንበል ብሎ የቆመ ምሰሶ ነው፤ ሞተረኛን፣ ራቅ ሲል ደግሞ ባጃጅን በሙሉ ይሸፍናል። ከጎን የሚመጣው ሞተረኛና እናንተ በእኩል ጊዜ መገናኛው ላይ የምትደርሱ ከሆነ፣ ሁለታችሁም ፍጥነታችሁን እስካልቀየራችሁ ድረስ እሱ ከእናንተ ዓይን አንጻር ያለበት አቅጣጫ አይለወጥም። ምሰሶው ጀርባ ከነበረ እዚያው ጀርባ ሆኖ ይቀርባል። ምሰሶው ባይሸፍነው እንኳ በእይታችሁ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስለማይል ዓይን ልብ አይለውም። ሊጋጫችሁ የሚመጣው ነገር የማይንቀሳቀስ የሚመስለው ነው። ስለዚህ አሽከርካሪው ከወንበሩ ወደ ፊትና ወደ ጎን ዘንበል እያለ ምሰሶውን አልፎ ማየት አለበት። «አይቼ ነበር፤ ከየት እንደመጣ አላወቅኩም» የሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ እውነታቸውን ነው።

አሁን እግረኛውን እንሳለው፤ በአዲስ አበባ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸውና። ሚኒባስ ታክሲ መታጠፊያው ጥግ ላይ ቆሞ ረዳቱ ይጣራል። የቆመው ታክሲ ዜብራውን ይጋርደዋል። ተሳፋሪዋ ወርዳ በታክሲው ፊት ለፊት ልትሻገር ትጀምራለች፤ በሁለተኛው ረድፍ የሚመጣው መኪና «ይኼ ሊጭን ነው የቆመው» ብሎ ያልፋል። ዜብራ ላይ የቆመን መኪና ማለፍ እጅግ አደገኛ የሆነው ለዚህ ነው፤ ለምን እንደቆመ እስካላወቃችሁ ድረስ ሰው እያሻገረ ነው ብላችሁ ቁሙ። የመታጠፊያው ጥግ ስፋትም ይጨመርበታል። ሰፊ ጥግ መኪናው ፍጥነቱን ሳይቀንስ እንዲታጠፍ ይጋብዛል፤ ለእግረኛውም የሚሻገረውን ርቀት ያረዝምበታል። ለገሃርና ለቡ ላይ በብሉምበርግ ፊላንትሮፒስ የመንገድ ደህንነት ፕሮግራም ድጋፍ መስቀለኛ መንገዶቹ እንደገና ሲነደፉ ዓላማው ይኸው ነበር፤ መኪናውን ማዘግየት፣ የእግረኛውን ጉዞ ማሳጠር።

እንደ ሲኖትራክ ያለ ከባድ መኪና ደግሞ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን ዱካ አይከተሉም፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ ጥጉ ይሳባሉ። ሾፌሩ ወደ ግራ ሰፋ ብሎ የሚወጣው ለዚህ ነው። በተከፈተው የቀኝ ቦታ በፍጹም አትግቡ። ክረምት ላይ የመቆሚያውን ርቀት እጥፍ ቁጠሩት፤ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውንና የፈሰሰውን ዘይት ሲቀላቅለው መንገዱ ከሁሉም ቀን ይልቅ ያዳልጣል። ኃይል ጠፍቶ መብራቱ ከሞተና ትራፊክ ፖሊስ ከሌለም የተከፈተ መንገድ አይደለም፤ ማንም ቅድሚያ እንዳልሰጣችሁ አድርጋችሁ ቆም ብላችሁ ግቡ።

በመጨረሻም ከኋላ ላላችሁት። ከፊታችሁ ያለው መኪና ወደ ግራ ለመታጠፍ ቆሞ ክፍተት እየጠበቀ ሳለ ክላክስ አትንፉበት። እሱ የሚያየውን መንገድ እናንተ አታዩም። ጥሩምባው ያስጨነቀው ጀማሪ መንጃ ፈቃዱን ባወጣ በወሩ ያልታየውን መንገድ ሊቆርጥ ይችላል። ታገሱት፤ አይቶ ይታጠፍ።