የማታ ተማሪውና የቤት ኪራይ፦ ርካሹ ቤት ምን ያህል ርካሽ ነው?

በሥራ ዓለም ለዓመታት ከቆዩ በኋላ የመጀመሪያ ወይም የሁለተኛ ዲግሪያቸውን ለመያዝ ወደ ትምህርት ገበታ የሚመለሱ ዜጎች በርካታ ናቸው። በመደበኛው መርሐ ግብር ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ወጣት በአብዛኛው በግቢው ውስጥ ማደሪያ ሲያገኝ፣ የማታ ተማሪው ግን የትምህርት ክፍያውን ከደመወዙ እየቀነሰ መኖሪያውንም በራሱ መፈለግ ይጠበቅበታል። በመሆኑም የመኖሪያ ቦታ ምርጫው በትምህርቱ ውጤት ላይ ቀላል የማይባል ድርሻ አለው።

በአዲስ አበባ የዚህ ምርጫ ክብደት በግልጽ ይታያል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነባር ግቢዎች በአራት፣ በአምስትና በስድስት ኪሎ የሚገኙ ሲሆን፣ እንደ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳና ቱሉ ዲምቱ ያሉት ሰፋፊ የጋራ መኖሪያ መንደሮች ግን በከተማዋ ዳርቻ ላይ ናቸው። ከመሐል ከተማ በተራቀ ቁጥር ኪራይ ስለሚቀንስ፣ ብዙዎች ወርኃዊ ክፍያውን ብቻ ተመልክተው ራቅ ያለውን ቤት ይመርጣሉ። ይሁንና ስሌቱ በዚህ ማብቃት የለበትም።

ለምሳሌ በሩቁና በቅርቡ ቤት መካከል ያለው የኪራይ ልዩነት በወር 3,000 ብር ነው እንበል። ሩቁን ቤት የመረጠው ተማሪ ለትራንስፖርት በቀን 40 ብር ተጨማሪ ቢያወጣ፣ በ22 የሥራ ቀናት 880 ብር ይሆናል። ስለዚህ በትክክል የተረፈው ገንዘብ 2,120 ብር ነው። በአንጻሩ በመሄጃም በመመለሻም አንድ አንድ ሰዓት ተጨማሪ ቢወስድበት፣ በወር 44 ሰዓት በመንገድና በታክሲ ሰልፍ ላይ ያሳልፋል። ይህም አንዱን ሰዓት በ48 ብር ገደማ እንደ መሸጥ ነው።

ጉዳዩን ከትምህርቱ አኳያ ስናየው ደግሞ፣ በሳምንት 10 ሰዓት በ16 ሳምንት የትምህርት መንፈቅ 160 ሰዓት ይሆናል። አንድ ባለ 3 ክሬዲት ትምህርት በመንፈቁ የሚወስደው የክፍል ጊዜ 48 ሰዓት መሆኑን ስናስብ፣ በመንገድ የሚባክነው ጊዜ ከሦስት ትምህርቶች የክፍል ጊዜ እንደሚበልጥ እንገነዘባለን።

የኑሮ ጥራት ግን በሰዓት ብቻ አይለካም። የመንግሥት ሠራተኛው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ከቢሮው ወጥቶ ትምህርት ቤት የሚገባ በመሆኑ ቤቱ የሚደርሰው ከመሸ በኋላ ነው። በመሆኑም የግቢው በር በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ከታክሲ መውረጃው እስከ ቤቱ ያለው መንገድ መብራት እንዳለው፣ በተለይም ለሴት ተማሪዎች ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ አስቀድሞ ማጣራት ያሻል። የመብራት ቆጣሪው የጋራ ከሆነም፣ እስከ እኩለ ሌሊት የሚያጠና ተከራይ ከአከራዩ ጋር በሂሳብ መጋጨቱ የተለመደ ነው።

በሌላ በኩል ቅርብ ቤት ለሁሉም ይበጃል ማለት አይደለም። ቤተሰብ ያለው ተማሪ ወደ መሐል ከተማ ለመቅረብ ሲል በአንዲት ክፍል ቢጠብ፣ ልጆቹም ከለመዱት ትምህርት ቤት ቢነቀሉ፣ ያተረፈው ጊዜ ለንባብ ላይውል ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው ባለበት ቆይቶ ትምህርቱን በቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር መከታተል የተሻለ አማራጭ ሊሆን ይችላል። ብቸኛ ለሆነው ግን ከሥራ ባልደረባ ጋር ቤት ተጋርቶ በቅርብ መኖር ወጪውንም ድካሙንም ይቀንስለታል።

ውሳኔውን በእቅድ ለመምራት ሕጉም ያግዛል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና በመርህ ደረጃ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ክፍያው የሚፈጸመው በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ ዘዴ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ መደበኛ ቆይታ በአብዛኛው ሁለት ዓመት በመሆኑ፣ በአዋጁ መሠረት የተዋዋለ ተማሪ በትምህርቱ መካከል በድንገት ቤት ልቀቅ ከመባል ስጋት በእጅጉ ይጠበቃል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በምዝገባ ሰሞን በጥድፊያ የተያዘ ቤት በፈተና ሰሞን ያስቸግራል። ስለሆነም ተማሪው ከመዋዋሉ በፊት ከሥራ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ወደ ቤት የሚያደርሰውን መንገድ በሥራ ቀን ምሽት ቢሞክረው፣ ኪራዩን፣ ትራንስፖርቱንና ሰዓቱን በአንድ ወረቀት ላይ ቢደምር፣ ከቤተሰቡም ጋር ቢመክርበት ይመረጣል። ይህን ያደረገ ተማሪ የጀመረውን ትምህርት ጤናውንና ቤተሰቡን ሳይጎዳ የመፈጸም ዕድሉ የሰፋ ይሆናል።