የሰዓት ቈጠራ በኮምፒዩተር አስኳል ውስጥ

ኮምፒዩተር ሰዓት ይቈጥራል ሲባል በውስጡ አንድ የታመነ ሰዓት ያለ ይመስላል። በመሠረቱ ግን ያሉት ትክክለኛነታቸው የተለያየ በርካታ ቈጣሪዎችና ከእነርሱ አንድ የጋራ ጊዜ የሚያወጣ የፕሮግራም ክፍል ናቸው። ይህ ክፍል የሚገኘው ከርነል በሚባለው የኦፐሬቲንግ ሲስተም አስኳል ውስጥ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሊኑክስን ከርነል ምሳሌ በማድረግ፣ የሰዓት ቈጠራ አንዴ ተሠርቶ የሚተው ሳይሆን ያለማቋረጥ ሊጠበቅ የሚገባው ሥራ የሆነበትን ምክንያት ማስረዳት ነው።

ኮምፒዩተሩ በጠፋ ጊዜ ቀኑን የሚይዘው በትንሽ ባትሪ የሚሠራ፣ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ የኳርትዝ ክሪስታል ነው። ከርነሉ ሲነሣ ቀኑን ከዚያ ያነብና ከዚያ በኋላ ፈጣን በሆነ ሌላ ቈጣሪ ይተማመናል። ይሁን እንጂ ክሪስታል በሙቀትና በዕድሜ ይለዋወጣል፤ ስሕተቱ ከሚሊዮን 20 እጅ ብቻ ቢሆን እንኳ በቀን 1.7 ሰከንድ ያህል ይደርሳል። ስለዚህ በኔትወርክ ከሚገኝ የተሻለ ሰዓት ጋር እየተመሳከረ ይታረማል። ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን እርማቱ የሚደረገው በመዝለል ሳይሆን ቈጠራውን በጥቂቱ በማፍጠን ወይም በማዘግየት ነው።

ይህ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰዓት ወደ ኋላ ቢመለስ፣ መልእክት ከመላኩ በፊት የደረሰ መስሎ ይመዘገባል፤ አምስት ሰከንድ ጠብቅ የተባለ ፕሮግራምም እጅግ ረዘም ላለ ጊዜ ሊቆም ይችላል። ከዚህም የተነሣ ከርነሉ ሁለት ዐይነት ጊዜ ይይዛል። አንደኛው ቀንና ሰዓት የሚነገርበት ሲሆን ሊታረም ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ከቶ ወደ ኋላ የማይመለስ፣ የቈይታን ርዝመት ብቻ የሚለካ ነው።

ቀድሞ እያንዳንዱ የፕሮሴሰር ቤተሰብ የየራሱ የሰዓት ኮድ ነበረው፤ በአንዱ የታረመው ስሕተት በሌላው ሳይታረም ይቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ሊኑክስ ይህን ሥራ ወደ አንድ የጋራ ኮድ ማሰባሰብ ጀመረ። ይሁንና ችግሩ በዚህ አላበቃም። አንዳንድ ፕሮሴሰሮች ኤሌክትሪክ ለመቈጠብ ፍጥነታቸውን ሲቀንሱ ቈጣሪያቸውም አብሮ ይዘገይ ነበር። ስለሆነም ከርነሉ አንዱን ቈጣሪ በሌላው እያስጠበቀ፣ ያጓደለውን ይተውና ቀርፋፋ ቢሆንም የታመነውን ይይዛል።

የጥገናው ክብደት በጉልህ የታየው እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2012 ነው። የምድር ዙረት ፍጹም እኩል ስላልሆነ በዚያ ሌሊት በዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ አንድ ሰከንድ ተጨመረ። ከርነሉ ዋናውን ሰዓት አስተካከለ፤ ነገር ግን ለውጡን አጫጭር ቀጠሮዎችን ለሚጠብቀው ክፍል አላሳወቀም። ሁለቱ በአንድ ሰከንድ ስለ ተለያዩ፣ ቀጠሮዎች ገና ሳይጀመሩ አለፉ ይባሉ ጀመር፤ ፕሮግራሞችም ያለ ዕረፍት እየደጋገሙ በመጠየቅ በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ኮምፒዩተሮችን አጨናነቁ። ብዙዎቹ የዳኑት ቀኑን ራሱን መልሶ በመሙላት ብቻ ነበር። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ በጥቂት ዓመታት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ኮድ በዕለት ተዕለት አገልግሎት አይፈተንም።

ከፊታችን ያለው ፈተና ደግሞ አስቀድሞ ቀኑ የታወቀ ነው። ሊኑክስ ጊዜን የሚቈጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ከእ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት ጀምሮ በሰከንድ ነው፤ ይህም በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። በ32 ቢት የተያዘ ቈጠራ ከ2,147,483,647 በላይ መያዝ ስለማይችል ወደ እ.ኤ.አ. 1901 ይመለሳል። ቈጠራው የሚሞላው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዕለት፣ በአዲስ አበባ ከጧቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው 5.6 ቅጹ ለ32 ቢት ኮምፒዩተሮችም የ64 ቢት ቈጠራ እንዲሠራ አድርጓል። ነገር ግን በአሮጌው መንገድ የተዘጋጁ ፕሮግራሞችና የተቀመጡ መዝገቦች በዚህ ብቻ አይድኑም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ከርነሉ የማንንም ሕዝብ የዘመን አቈጣጠር አያውቅም፤ ሰከንድ ብቻ ይቈጥራል። ወርንና ቀንን፣ ከንጋት የሚጀምረውን ሰዓታችንንም ጭምር፣ ማውጣት ከእርሱ በላይ ያሉት ፕሮግራሞች ድርሻ ነው። እንግዲህ የእኛ አቈጣጠር ከኮምፒዩተር ጋር የሚጋጭበት ምክንያት የለም። የሚያሠጋው ከሥር ያለው ቈጠራ ሲቋረጥ ነው። ለአገር ቤት ተቋማት መሣሪያ የምንልክ፣ የምንመርጥ ወይም ምክር የምንሰጥ ምሁራን ሁሉ ጊዜው በስንት ቢት እንደ ተያዘና ጥገናውን ማን እንደሚቀጥል ከአሁኑ ልንጠይቅ ይገባል።