ከቀርከሃ እስከ ወስፋት እንቁላል

በእንጅባራ ዙሪያ የሚበቅለው የደጋ ቀርከሃ ለቤት፣ ለአጥርና ለወንበር ይውላል። ጥንካሬው በአመዛኙ የሚመነጨው ሴሉሎስ ከተባለው ካርቦሃይድሬት ነው። ሴሉሎስ እንደ ድንች ስታርች ሁሉ ከግሉኮስ ብቻ የተሠራ ነው፤ ልዩነቱ ማያያዣው ላይ ነው። በስታርች ውስጥ ግሉኮሶቹ በአልፋ ትስስር ስለሚያያዙ ሰንሰለቱ ይጠቀለላል። በሴሉሎስ ግን ትስስሩ ቤታ በመሆኑ ሰንሰለቱ ቀጥ ይላል፤ ጎን ለጎን የተደረደሩት ሰንሰለቶችም በሃይድሮጅን ትስስር ተጣምረው ጠንካራ ክር ይሆናሉ። ካርቦሃይድሬት ያልሆነው ሊግኒን ደግሞ ጭቃ የግድግዳን እንጨት እንደሚይዝ ክሮቹን ይይዛቸዋል። የሰው ልጅ ይህን የቤታ ትስስር የሚፈታ ኢንዛይም የለውም። ስመ ጥሩው የአዊ ፈረስም ቢሆን ሣሩን የሚፈጨው በትልቁ አንጀቱ በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን እርዳታ ነው።

የጤና ባለሙያውን ይበልጥ የሚመለከተው የሴሉሎስ ዘመድ የሆነው ካይቲን ነው። ካይቲን ናይትሮጅን የያዘ የግሉኮስ ዓይነት በዚያው በቤታ ትስስር ሲቀጣጠል የሚገኝ ነው። የወስፋት እንቁላል ቅርፊት ጥንካሬውን የሚያገኘው ከዚሁ ነው፤ ከሥሩ ያለው የቅባት ሽፋን ደግሞ ኬሚካል አያስገባም። በመሆኑም እንቁላሉ እርጥበት ባለው አፈር ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ለመጠጥ ውኃ የሚጨመረው ክሎሪንም አይገድለውም። ማፍላትና በደንብ ማብሰል ግን ይገድለዋል።

ዳንግላ ውስጥ አልቤንዳዞል የወሰደ ሕፃን ከወራት በኋላ በሰገራው እንቁላል ቢገኝበት፣ መድኃኒቱን ከመውቀስ በፊት ስለ መጸዳጃ ቤቱ፣ ስለ እጅ መታጠብና በጥሬው ስለሚበላው አትክልት መጠየቅ ይገባል።