የመኪና ኳኳታ ማንን ይከተላል?

ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት የሚወስደው መንገድ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ፣ ቀድሞ በጠጠርና በድንጋይ ጩኸት ተሸፍኖ የኖረው የመኪና ሕመም ሁሉ በጆሮ የሚለይ ሆኗል። በዲዳ ገልገሉ ምድረ በዳ በጥቁር አለት ላይ ሲንገጫገጭ የኖረ ሾፌር፣ መኪናው ከላይ እስከ ታች ስትጮኽ እየሰማ ጩኸቱን ሁሉ ለመንገዱ ይሰጥ ስለ ነበር፣ ቴስቲናው ላልቶ እንደሆነ ወይም ቢየላው መትቶ እንደሆነ አይጠይቅም ነበር። ዛሬ ግን በለሰለሰው መንገድ ላይ ሲጓዝ ከአንዱ ማዕዘን «ቋ ቋ» የሚል ድምፅ ቢሰማ፣ የሚያመካኝበት መንገድ የለውምና ልቡ ይሸበራል፤ ልቡ ስለ ተሸበረም ወደ ጋራዥ ይሮጣል፤ ጋራዡም አስቀድሞ የለመደውን ዕቃ ይቀይርለታል። በዚህ ቻናል ስለ ኳኳታ የምትጠይቁኝ ወገኖች ብዙ ስለሆናችሁ፣ ዕቃ ከመቀየሩ በፊት ሊደረግ ስለሚገባው ምርመራ የማውቀውን እነሆ ጻፍሁ።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አንዱን ንባብ ይዘው «አንድም» እያሉ ፍቺውን እንደሚያበዙት፣ የመኪና ኳኳታም በመጀመሪያ ሲሰማ ብዙ ፍቺ አለው፤ አንድም ከመንገዱ፣ አንድም ከመሪው፣ አንድም ከጎማው፣ አንድም ከሞተሩ ነው። ነገር ግን ሊቃውንቱ ፍቺዎቹን ሁሉ ጎን ለጎን አኑረው ሲያከብሩ፣ መካኒክ አንዱን አስቀርቶ ሌሎቹን መጣል ግድ ይሆንበታል። የሚጥለውም በመፍቻ ሳይሆን ድምፁ ማንን እንደሚከተል በመጠየቅ ነው።

ድምፁ ጉድጓድና ጉብታ ሲነካ ብቻ ተሰምቶ ለጥ ባለ መንገድ የሚጠፋ ከሆነ መንገድን የሚከተል ነውና፣ ጥፋቱ ከቦኮላ፣ ከቴስቲና ወይም ከሾክ አብዞርበር አይርቅም። እዚህ ላይ ከራሴ ትዝብት ልጨምር፦ በኬንያ በግራ፣ በኢትዮጵያ በቀኝ ስለሚነዳ፣ የተሸራረፈውን የአስፋልት ጠርዝ የሚረግጠው ጎማ ድንበሩን ስንሻገር ይለወጣል፤ ስለዚህ ወደ ኢሲዮሎ ብቻ የሚመላለስ መኪና ግራ እግሩ፣ ወደ ያቤሎ ብቻ የሚመላለስ ደግሞ ቀኝ እግሩ አስቀድሞ ቢመረመር ድካም ይቀንሳል። መሪው እስከ ጥግ ተጠምዝዞ ሲዞር «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ፣ በፊት ጎማው በሚጎተት መኪና ላይ፣ የሲቪ ጆይንት ነው። ፍሪሲዮን ተለቆ መኪናው ከቆመበት ሲነሣ አንድ ጊዜ ብቻ «ጓ» ብሎ የሚመታ ድምፅ ግን በኋላ ጎማው በሚገፋ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ የክሮቼራ ነው።

ጎማንና ሞተርን ለመለየት፣ ለጥ ባለና ጭር ባለ መንገድ ላይ (በቁልቁለት ፈጽሞ አይሞከርም) ጥቂት ፍጥነት ይዞ፣ ሞተሩን ሳያጠፉ ማርሹን ዜሮ ማድረግ ነው። ሞተሩ ተረጋግቶ ሳለ ኳኳታው ከመኪናው ፍጥነት ጋር እየዘገየ የሚቀጥል ከሆነ ጎማን የሚከተል ነው፤ በተለይም ጎሚስታ ቤት ጎማ ተፈቶ በታሰረ ማግስት የተሰማ ከሆነ፣ ሌላ ምርምር ሳይሻ ወዲያው ቆሞ ብሎኖቹን ማጥበቅ ይገባል። ማርሹ ዜሮ በሆነ ቅጽበት ድምፁ ከጠፋ ወይም የሞተሩን ዙር ተከትሎ ከተለወጠ ግን፣ ምርመራው ወደ ሞተሩ ይሻገራል።

የሞተር ኳኳታ ዐቢይ ክፍሉ ሁለት ነው። አንደኛው ወፍራምና ጥልቅ፣ «ዱም ዱም» የሚል፣ እግርን ከቤንዚኑ ሲያነሡም የማይተው፣ የቢየላው ብሮንዚን ሲበላ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ቀጭንና ፈጣን፣ «ችክ ችክ» የሚል፣ መኪናው ጭነት ይዞ ቤንዚን ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ ነው። የዚህ የሁለተኛው ጠባይ እንዲህ ነው፦ ቤንዚንና አየር በፒስተን ተጨምቀው በካንዴላው ብልጭታ ሲለኮሱ፣ እሳቱ ከዳር እስከ ዳር በሥርዓት ሊስፋፋ ሲገባው፣ ሙቀትና ግፊት ከልክ ያለፈ እንደሆነ፣ እሳቱ ገና ያልደረሰበት ክፍል በራሱ ጊዜ ይፈነዳል፤ የምንሰማውም የዚያን ፍንዳታ ምት ነው። ቶማስ ሚጅሊ የተባለው አሜሪካዊ ይህን ለማስቀረት በ1921 እ.ኤ.አ. ቤንዚን ውስጥ የእርሳስ ውህድ ማግባትን አገኘ፤ መድኃኒቱ ግን ለሰው መርዝ ነበርና፣ በ2021 አልጄሪያ የመጨረሻዋ ሆና እስክትተወው ድረስ ዓለም ሲታገለው ኖረ።

የሞያሌ ሰው ይህን ሁለተኛውን ኳኳታ ከማንም ይልቅ ማወቅ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ አየር የሳሳበት ሞተርም ግፊቱ ስለሚያንስ በቀላሉ አያንኳኳም። በዚህም ምክንያት የአዲስ አበባ መካኒክ የአሮጌውን መኪና ጉልበት ለማበርታት ዲስትሪቡተሩን አዙሮ ብልጭታውን ያስቀድማል፤ በዚያም ቦታ ሥራው ትክክል ነው። ያው መኪና በያቤሎና በሜጋ በኩል ወርዶ 1,100 ሜትር ግድም ላይ ወዳለችው ሞያሌ ሲገባ ግን፣ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይበረታል፣ የቀደመው ብልጭታም ጠላት ይሆናል።

የእኔዋ ካርቡሬተራም ሃይሉክስ የደረሰባት ይኸው ነው። ወደ ሶሎሎ ጭነት ይዛ በአራተኛ ማርሽ ስትጓዝ መጮኽ ብትጀምር፣ አንድ ጋራዥ ቴስቲናዋን ቀየረላት፤ ድምፁም ባይጠፋ «እንግዲያው ቢየላ ነውና ሞተሩ ይውረድ» ብሎ ፈረደ። ሞተሩ ሳይወርድ ያየልኝ አንድ አረጋዊ መካኒክ ነው።

«ልጄ፣ እግርህን ከቤንዚኑ ስታነሣ ይጠፋል?»

«አዎን ጋሼ፣ ወዲያው ይጠፋል።»

«እንግዲያስ ሞተሩን እንዳታስከፍት።»

የዲስትሪቡተሩን ማሰሪያ አላልተው በእጃቸው ጥቂት ወደ ኋላ መለሱት፤ ለሙከራም ያንኑ ጭነት ይዘን ያንኑ መንገድ ሄድን፤ ኳኳታውም አልተሰማም።

ዲስትሪቡተር የሌለው ዘመናዊ መኪና ኳኳታውን በራሱ ሰሚ መሣሪያ እያዳመጠ ብልጭታውን ስለሚያዘገይ፣ እርሱ ካንኳኳ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ቤንዚኑ ነው። በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን ከየት እንደመጣና ከምን እንደተቀላቀለ የሚመሰክር የለም፤ ላምባ የገባበት ቤንዚን ደግሞ ያለ ጊዜው መፈንዳትን የሚከላከልበት ኃይል ይደክማል። የኬንያ መንግሥት በ2018 እ.ኤ.አ. በላምባ ላይ በሊትር 18 ሽልንግ ቀረጥ የጣለው፣ ከነዳጅ ጋር መቀላቀሉ ትርፍ እንዳይኖረው ብሎ ነው። ስለዚህ ሞተር ከማስከፈት በፊት ከታመነ ማደያ ሞልቶ መሞከር ከሁሉ የረከሰ ምርመራ ነው።

ወፍራሙ «ዱም ዱም» ሲሰማ የዘይት መብራት አብሮ ከበራ ግን ምርመራ የለም፤ እስከ ከተማ ልድረስ ሳትሉ ሞተሩን አጥፍታችሁ ዳር ቁሙ። ለእኔ የምትጽፉም ወንድሞችና እኅቶች፣ የድምፁን ቅጂ ብቻ አትላኩልኝ፤ በስንተኛ ማርሽ፣ በጭነት ወይስ በባዶ፣ ቤንዚን ስትረግጡ ወይስ ስትለቁ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ወይስ ሲሞቅ እንደሚሰማ፣ ቤንዚኑንም ከየት እንደቀዳችሁ ጨምራችሁ ጻፉልኝ።