የሕርቃል ሳምንት

ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ የጾመው 40 ቀን ነው፤ እኛ የምንጾመው ሁዳዴ ግን 55። ከትርፉ 15 ቀን ስምንቱ ከአልዓዛር ቅዳሜ እስከ ቀዳም ስዑር ያሉት ናቸው። የቀሩት ሰባቱ፣ ቅበላው ባለፈ ማግስት የሚገቡት የዘወረደ ቀናት፣ ጾመ ሕርቃል ይባላሉ።

ትረካው እንዲህ ነው። በ614 (እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር) ፋርሶች ኢየሩሳሌምን ወርረው ቅዱስ መስቀሉን ወሰዱ። ክርስቲያኖች የቢዛንታይኑን ንጉሥ ሕርቃልን ዘምተህ አስመልስልን አሉት። እሱ ግን ነፍስ የገደለ ሰው ዕድሜ ልኩን ይጹም የሚለውን የሐዋርያት ሥርዓት ፈራ። የሰው ዕድሜ ቢበዛ 70፣ 80 ዓመት ነው፤ ጾሙን ተከፋፍለን እንጾምልሃለን አሉት። ዘመተ፤ መስቀሉም ተመለሰ።

የስምንት ሳምንቱ ጾም ከሕርቃል በፊትም ነበር። በአራተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኢየሩሳሌምን የተሳለመችው ኤገሪያ የዚያ አገር ክርስቲያኖች ስምንት ሳምንት እንደሚጾሙ ጽፋለች። ስለዚህ ትረካው የሳምንቱን መነሻ ከማስረዳቱ ይልቅ የበደል ዕዳ እንዴት እንደሚታሰብ ማሳየቱ ይበልጥብኛል።

ትረካው ደግሞ ሌላ፣ የሚከብድ መልክ አለው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያ ፓትርያርክ የነበረው ኤውጢኪዮስ እንደጻፈው፣ ሕርቃል አልነካችሁም ብሎ ለአይሁድ ምሎላቸው ነበር፤ በኋላ ክርስቲያኖቹ፣ ስለሚፈርሰው መሐላ ሳምንቱን እንጾምልሃለን ብለው ቃል ገብተው፣ ወትውተው አስገደሏቸው። በእኛ ዘንድ በሚነገረው ጾሙ የፈራን ሰው ሸክም መጋራት ነው። በዚህኛው ግን ደም ከመፍሰሱ በፊት የተዋዋሉበት ዋጋ ሆኗል። እንዲህ ያለውን ጾም ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ገና ድሮ ነቅፎታል፤ እየጾሙ የሚጣሉትን፣ ሠራተኛ የሚያስጨንቁትን።

በደልን ሌላው ሲሸከመው በኦሪትም እናያለን፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 የማስተስረያው ዕለት ሁለት ፍየሎች ይቀርባሉ። አንደኛው ይታረዳል። በሁለተኛው ራስ ላይ ካህኑ እጁን ጭኖ የሕዝቡን ኃጢአት ይናዘዝና ፍየሉ ወደ ምድረ በዳ ይሰደዳል። ይህ በየዓመቱ ይደገማል። የዕብራውያን መልእክት ክርስቶስ አንድ ጊዜ፣ በገዛ ደሙ አደረገው ይላል። እንግዲህ የእኛ ጾም ሌላ ፍየል ሊሆን አይችልም፤ ቤዛነቱ ተፈጽሟል። የንስሐ አባት ለተናዘዘ ሰው የሚሰጠው ቀኖና፣ ጾሙም ስግደቱም ምጽዋቱም፣ ሥርየት መግዣ አይደለም። የታመመው ሰው የሚድንበት ሥርዓት ነው፤ የሰረቀም ዕቃውን ሳይመልስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ መጾሙ ብቻውን የትም አያደርሰውም።

ታዲያ ለሌላው መጾም ከንቱ ነው? አይመስለኝም፤ ስለ ሌላው መጸለይም አለና። በሰሙነ ሕማማት መስቀል መሳለም የለም፤ ፍትሐትም አይደረግም፤ ሳምንቱ ከመስቀሉ በፊት የነበረው ዓመተ ፍዳ የሚታሰብበት ነውና። በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት ጸሎተ ፍትሐት የሚደርሰው በሆሣዕና ዕለት አስቀድሞ ነው። ማን እንደሚሞት የሚያውቅ ስለሌለ፣ ለሁሉም የሚጸለየው ገና በሕይወት ሳሉ፣ እዚያው ቆመው እየሰሙ ነው።

ስቅለት ማታ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ የዋለው ምእመን ተሰልፎ ካህኑ ፊት ጎንበስ ይላል። ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ቸብ ቸብ አድርጎ፣ ተጨማሪ ስግደት በቁጥር ያዝዘዋል። የታዘዘውን ያህል ራሱ ይሰግዳል እንጂ ማንም አይሰግድለትም።